ቆቦ ላይ ወራጅ አለ!

ክረምቱ ወጣ ሊል ሲል የአዲስ አበባን ወጣት የሚይዘው አንድ ሕመም አለ። ‹‹የት እንሂድ?›› ይባላል። ሕመሙ ሲነሣ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም በጉዞ ፖስተር ይጥለቀለቃል። ‹‹ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ የታሸገ ውሃ፣ አስጎብኚና ፎቶ አንሺን ያካተተ!›› ይላል ፖስተሩ፤ ከበስተጀርባው አንድ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ፊት ሁለት እጇን ዘርግታ ሰማይ የምታቅፍ አንዲት ልጅ። መዳረሻዎቹ ያው ናቸው። ወንጪ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ። ኪሱ ፈርጠም ላለው ላሊበላና ጎንደር፣ ያውም በአውሮፕላን። ከዚያም በላይ ለፈረጠመው ዱባይ።

እኛ ከዕረፍት ጋር ጠብ የለንም። ሰው ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ተሰልፎ፣ አለቃ ተቆጥቶት፣ ደመወዙ ከወሩ ቀድሞ እያለቀበት ከርሞ አምስት ቀን ቢያርፍ ሲያንሰው ነው። ጠባችን ከካርታው ጋር ነው። ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አገር፣ ራስ ዳሸን ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ወጥቶ ዳሎል ላይ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ አገር፣ በአሥር ነጥብ ተጠቅልሎ ኪስ ውስጥ ገብቷል። በነጥቦቹ መሃል ያለው ሁሉ ‹‹መንገድ›› ነው። ይታለፋል፤ ይተኛበታል። በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ዛሬ ከእነዚህ ‹‹መንገድ›› ተብለው ከቀሩ ቦታዎች አንዷን ይዘን እንሟገታለን። ቆቦን፤ ከቆቦም ጋር የራያን ቆላ።

ለመሆኑ ራያን የማያውቅ የከተማ ልጅ አለ? ሠርግ ላይ ዲጄው የራያ ዘፈን ሲለቅ ወንበሩ ላይ የሚቀር ማን ነው? ማይጨው ላይ የተተከለው ፋብሪካ የጠመቀውን ቢራስ ‹‹ራያ አምጣልኝ›› ብሎ በስሙ ያላዘዘ ስንቱ ነው? ያንኑ ጨፋሪ ግን ‹‹ራያ የት ነው?›› በሉት። ጣቱን ወደ ሰሜን ቀስሮ ‹‹እዚያ… ከደሴ ወዲያ›› ይላል። ‹‹ወዲያ›› ደግሞ አድራሻ አይደለም።

አድራሻው ይሄውላችሁ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በር ላይ ብርዱን ቀምሳችሁ፣ ሸዋሮቢት ላይ ጃኬት አውልቃችሁ፣ ኮምቦልቻ ደርሳችሁ፣ ደሴ ወጥታችሁ፣ ሐይቅን በስተቀኝ ትታችሁ፣ በውጫሌና በመርሳ ወልዲያ ትገባላችሁ። ከወልዲያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። አላውሃን ይሻገራል፤ ጎብዬንና ሮቢትን ያልፋል፤ ከዚያ ጠመዝማዛው ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። ቆቦ እዚያ ናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። በስተምሥራቅ ዞብል ተጋድሟል፤ ከዞብል ወዲያ አፋር ነው። ወደ ሰሜን ዋጃና አላማጣ፣ ከአላማጣ በግራካሱ ዳገት ኮረም፣ ከዚያ የሐሸንጌ ሐይቅ፣ ከዚያ ማይጨው። ከቆላ ሜዳ ተነሥቶ ደጋ ሐይቅ ዳር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይሄንን መልክዓ ምድር ነው በመስኮት አይተን ‹‹ገና ስንት ሰዓት ይቀረናል?›› የምንልበት።

ካርታው የማን ነው?

የዕረፍት ካርታችን ከሰማይ አልወረደም። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ቱሪዝም መሥርተው የመሩት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ማንም ያላሰበውን ያሰቡ ሰው ነበሩ። ‹‹የ13 ወር ፀጋ››ን ለዓለም የሸጡ እሳቸው ናቸው። ‹‹ታሪካዊው መስመር›› የሚባለው፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ በአውሮፕላን የሚዞሩበት ጉዞም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ዶላር ይዞ ለመጣ፣ አሥር ቀን ብቻ ላለው ፈረንጅ ሥራው ግሩም ነበር። አሁንም ግሩም ነው። የሚገርመን የፈረንጁን የአሥር ቀን ካርታ፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚያረጅ ሰው እንዳለ መውረሱ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት ይሄንን ነው።

መፈክሩን እንየው። በአማርኛ ‹‹ፀጋ›› ተብሎ ቢለዝብም በእንግሊዝኛው የሚሸጠው ፀሐይ ነው፤ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ። ለንደን ላይ በጥር ወር ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጥሩ ማስታወቂያ ነው። ራያ ላይ ግን አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ማለት በልግም ቀረ፣ ክረምትም ቀረ ማለት ነው። ራያ ላይ ይሄ ረሃብ ነው።

ነገሩ ለወግ የተባለ አይደለም። መፈክሩ በዓለም እየዞረ፣ ቱሪዝሙ እያበበ በነበረበት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ገባ። ክፉኛ ከተመቱት አውራጃዎች አንዱ ራያና ቆቦ ነበር። የተራበው ሕዝብ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። ጣልያን ለጦሩ ብሎ በከፈተው፣ ዛሬ እኛ እያንቀላፋን በምናልፍበት በዚያው የሰሜን መንገድ ዳር ተኮልኩሎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። ላሊበላ ከቆቦ በአሞራ በረራ ሰባ ኪሎ ሜትር አትሞላም። ጎብኚው ከተራራው በዚያኛው ወገን አውሮፕላን ማረፊያ ይወርድ ነበር፣ ገበሬው በዚህኛው ወገን መንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ያውቀዋል፤ ዙፋኑም አልተረፈ።

ቀጥሎ 1977 መጣ። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ያሳየው፣ ማይክል በርክ የተረከው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ዘፋኙን ሁሉ አስለቅሶ ስታዲየም የሞላው ያ ምስል በዋነኛነት የተነሣው ኮረም ላይ ነው። ኮረም ከቆቦ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እንግዲህ ዓለም ‹‹ኢትዮጵያ›› ሲባል ለአርባ ዓመታት በዓይኑ የሚመጣበት ሥዕል የተሠራው በዚህችው በራያ ዳገት ላይ ነው። በ2008ቱ ድርቅም የቢቢሲ ጋዜጠኛ ቆቦ ድረስ መጥቶ ዘገበ። መንግሥት አስተባበለ። ክርክሩ ስለ ቢቢሲ ሆነና ቆቦ መሃል ላይ ጠፋች።

ሂሳቡን አያችሁት? ራያን በተደጋጋሚ የጎበኘው ካሜራ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣ አልጋ ይዞ፣ ‹‹ምን ትበላላችሁ?›› ተብሎ፣ ከፍሎ፣ አመስግኖ የሄደ ስንት ነው?

ቡና ያልጠጣንበት ከተማ

ከዚያ ጦርነቱ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቆቦ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ጳጉሜ 4 ቀን 2013፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ ዶሮ በሚገዛበት ቀን፣ ቆቦ ውስጥ ሲቪሎች ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የሕወሓት ተዋጊዎች በዚያ ቀን የገደሏቸውን ሰዎች በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ዘርዝሮታል። ለአምስት ወራት የቆየው ተኩስ አቁም ሲፈርስም ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጥይቱ እንደገና የተሰማው በዚሁ በቆቦ ዙሪያ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በመንግሥትና በፋኖ መካከል ውጊያ ተቀሰቀሰ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ለወራት ኢንተርኔት ተቋረጠ።

በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ቆቦ ምን ነበረች? ‹‹ተያዘች›› እና ‹‹ተለቀቀች›› ነበረች። ጉግል ማፕ ተከፍቶ በሁለት ጣት የምትለጠጥ ነጥብ ነበረች። ‹‹ቆቦ ከያዙ ወልዲያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?›› የሚለው ጥያቄ የጄኔራል ጥያቄ ነው። ኬክ በሹካ እየቆረሰ የሚጠይቀው ግን የባንክ ሠራተኛ ነበር። ቡና ያልጠጣችሁበት ከተማ ሲወድቅ ዜና ነው። የጠጣችሁበት ከተማ ሲወድቅ ግን ስልክ ታነሣላችሁ፤ ‹‹ያቺ ልጅ፣ ያ አልጋ ቤት፣ ያ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ምን ሆኑ?›› ትላላችሁ። አገር ውስጥ ጉዞ ለእኛ ከዚህ ያነሰ ነገር አይደለም። ስልክ የሚደወልለት ሰው ማበጀት ነው።

‹‹ራያ የማን ነው?›› እያሉ ሌሊቱን ፌስቡክ ላይ የሚያነጉትንም ታዝበናል። በ1980ዎቹ ክልል ሲካለል ቆቦ ወደ አማራ፣ አላማጣና ኮረም ወደ ትግራይ ሄዱ፤ ጭቅጭቁ እስከዛሬ አልበረደም። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፣ ሰው ሞቶበታል፣ በአንድ አንቀጽም አንፈታውም። ግን አንድ ጥያቄ አለን። ከተከራካሪዎቹ ስንቱ ዋጃ ላይ ወርዶ ሻይ ጠጥቷል?

‹‹ምን የሚታይ አለ?››

ይቺ ናት ትልቋ ጥያቄ። ‹‹ሜዳ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ምን የሚታይ አለ?›› የኛ ሰው ‹‹የሚታይ›› የሚለው ወይ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ወይ ከገደል የሚወርድ፣ ወይ የሚዋኙበት ነገር ነው። ሜዳ አይታይም። ሜዳ የሚታለፍ ነው።

እስቲ ሞንጎሊያን ተመልከቱ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት፣ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ። የጀርመንና የኮሪያ ወጣት ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ እዚያ የሚሄደው ምን ሊያይ ነው? ሣር። ማለቂያ የሌለው ሣር፣ ከሣሩ ጫፍ ላይ ተራራ፣ መሃሉ ላይ ድንኳን፣ ድንኳኑ ውስጥ የፈረስ ወተት የሚቀዳለት ሰው። በመኪና ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ይውላል፤ ጉዞው ራሱ ዕረፍቱ ነው። ሞንጎሊያውያን ሜዳቸውን ‹‹ምንም የለውም›› ብለው አላፈሩበትም፤ ሰው እንዲያርፍበት አደረጉት እንጂ። እኛ ደግሞ ሜዳም ተራራም ጎን ለጎን ተሰጥቶን መጋረጃ ስበን እንተኛለን።

ቆቦ ሜዳ ላይ ምን እንዳለ እንንገራችሁ። ማሽላ አለ። ሳቃችሁ አይደል? በኅዳር ሜዳው ሙሉ ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል፤ ነጩ፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ራሱን ያቀረቀረው፣ ራሱን ያቀናው። ገበሬው ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያለ በየስሙ ይጠራዋል። ማሳው መሃል ማማ ተሠርቶ ልጅ ወፍ ይጠብቃል። ይሄ ማሽላ አቀንጭራ የሚባል ጠላት አለው፤ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ሲያዩት የሚያምር፣ ሥሩ ግን የማሽላውን ሥር የሚመጥ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቅና የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ይነቃል። ይሄንን ምስጢር መርምረው የማይቀሰቅሰውን ማሽላ ያዳቀሉት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አገራችን ውስጥ ከተለቀቁት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የአንዱ ስም ‹‹ጎብዬ›› ነው። አዎ፣ ከቆቦ በፊት በመስኮት የምትታየው የጎብዬ ስም። የሌላኛው ስም ደግሞ ‹‹አብሽር››። ወሎዬ ‹‹አብሽር›› ሲል አይዞህ ማለቱ ነው። (ለማሽላ ዝርያ ከዚህ የተሻለ ስም ካላችሁ ጻፉልን።) ሳይንስ ለዚህ ሜዳ ይሄን ያህል ሲደክምለት፣ የጉዞ ፖስተር ግን አንድ መስመር አልሰጠውም።

ጎርፍም አለ። አዲስ አበባ ላይ ጎርፍ ማለት የተደፈነ ቱቦ ነው። ራያ ላይ ጎርፍ ማለት እርሻ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ላስታ ተራራ ላይ ነው፤ ቆላው ደረቅ ሆኖ ሳለ ውሃው በጎሊና፣ በሆርማት፣ በየሸለቆው እየደነፋ ይወርዳል። ገበሬው በአፈርና በእንጨት ክትር ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጎርፉ ሌሊት ከመጣ ሌሊት ይወጣል። ማን ቀድሞ ያጠጣል፣ ማን ይከተላል፣ ክትሩን ማን ይጠግናል የሚለው ሁሉ ሥርዓት አለው። ከተራራ የተሸረሸረው አፈር አብሮ መጥቶ ማሳው ላይ ይተኛል፤ ሜዳውን ለም ያደረገውም እሱ ነው። ላስታ በድርቅና በመሸርሸር ያጣችውን ራያ ትወርሳለች። ከዚህ ሌላ በቆቦና በጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ መመረት ከጀመረ ቆይቷል። የከተማ ሰው የሚያማርርበት ሽንኩርት ከየት እንደሚመጣ ቢያይ ምናለበት?

ገበያው አለ። ከምዕራብ ደገኛው ይወርዳል፣ ከምሥራቅ አፋሩ ከግመሉ ጋር ይወጣል፣ መሃል ላይ ቆቦ ትቀበላለች። አንድ ወግ ውስጥ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው ተቀይጦ ትሰማላችሁ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ይኖራል፤ ማንም ‹‹መቻቻል›› የሚል ወርክሾፕ አላዘጋጀላቸውም። ደም የተቃባ ሲኖር ደግሞ ዘወልድ የሚሉት የሽምግልና ሥርዓት አላቸው፤ አፋርንና ራያን ያስታረቀ።

ሶለልም አለ። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የቆቦ ልጃገረዶች አደባባዩን ይይዙታል። ትግራይ ላይ አሸንዳ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ የሚባለው በዓል ቆቦ ላይ ሲደርስ ሶለል ነው። ለሌሎቹ መድረክ ተሠራላቸው፣ ስፖንሰር መጣላቸው፣ ቲሸርት ታተመላቸው። ሶለል ግን ብዙ ሰው ስሟንም አልሰማም። ምናልባት ለጊዜው ይሄ ሳይበጃት አልቀረም፤ ገና የልጃገረዶቹ ናት፣ የማስታወቂያ ድርጅት አልሆነችም።

ሪዞርቱና መንገዱ

መንግሥትም ስለ ዕረፍታችን ማሰቡን አልተወም። በ2011 ዓ.ም. ለገበታ ለሸገር አንድ ወንበር አምስት ሚሊዮን ብር ነበር። በ2012 ገበታ ለሀገር ሲመጣ ዋጋው አሥር ሚሊዮን ገባ፤ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ሊለሙ። ሪዞርት አይሠራ አንልም። ጣና ዳር ያማረ ቤት ቢቆም ማን ይጠላል? ግን የቱሪዝም ሐሳባችን ሁሌም ከነጥብ ነው የሚጀምረው። አንድ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ይመረጣል፣ ይሠራል፣ ሪባን ይቆረጣል። ወደ ነጥቡ የሚያደርሰው መንገድ፣ መንገዱ ዳር ያለው አልጋ ቤት፣ አልጋ ቤቱ የሚገዛው ሽንኩርት፣ የሽንኩርቱ ገበሬ ግን ከስሌቱ ውጪ ናቸው። ሰው ደሴን፣ ወልዲያን፣ ቆቦን እያደረ በሰላም የማይጓዝ ከሆነ ሪዞርቱ የአውሮፕላን ተሳፋሪ ጓሮ ሆኖ ይቀራል።

የባቡሩንም ነገር አንርሳ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የ392 ኪሎ ሜትር መስመር በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱ አብዛኛው ተነጥፎ ሳለ ለዓመታት ባቡር ሳያልፍበት ቆየ፤ ጦርነቱም ደረሰበት። አስቡት፤ አዋሽ ላይ ተሳፍሮ ሐራ ገበያ መውረድ። ይሄ ለጎብኚ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለቆቦ ቲማቲም ግን በሁለት ቀን በመበስበስና በመሸጥ መሃል ያለው ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ የሚቋረጠን ሰው ይኖራል። ‹‹ጥሩ ጻፋችሁ፤ ግን ሰላም የት አለና?›› ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገ ጠዋት ሻንጣችሁን አንሥታችሁ ሂዱ አንልም። ይሄ መንገድ ስንት ጊዜ ተዘግቶ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያውቅ ሰው ለጀብዱ ብሎ ሌላውን አይገፋም። የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት እዚያ ላለ ሰው ይደውል፣ ሹፌር ይጠይቅ፣ አትምጡ ካሉት ይቅር።

ግን ጥያቄውን ወደ ራሱ እንመልሰው። መንገዱ ሲዘጋ የኛ ሽርሽር ነው የሚቀረው። የቆቦ ሰው የሚቀርበት ሌላ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሆስፒታል መድረስ ይቀርባታል፤ ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው ይቀራል፤ ነጋዴው እህሉን ይዞ ይቀመጣል። እኛ ‹‹ዘንድሮ ሰሜን አይሆንም፣ ሐዋሳ እንሂድ›› ብለን በአንድ ደቂቃ የምንዘጋውን ጉዳይ እነሱ ይኖሩበታል። የዱባይ ቪዛ ሲዘገይ ኤጀንሲ የሚያስጨንቅ ትውልድ የደሴ መንገድ ሲዘጋ ለምን ድምፁ አይሰማም? ዕቅዱ ውስጥ ስለሌለ ነው። ሰው ያላቀደው መንገድ ሲዘጋበት አይታወቀውም። ስለዚህ አቅዱ እንላለን። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ፣ ለከርሞ ባይሆን ለዚያኛው፤ ግን ካርታችሁ ላይ ይኑር። ሲዘጋባችሁም ተቆጡ፤ ተኩሱን ለሚተኩሱት ሁሉ፣ መንገዱን ለሚዘጉት ሁሉ።

አካሄዱንም እንነጋገር፣ ምክንያቱም በፖስተሩ ዓይነት ከሆነ ባይኬድ ይሻላል። ሃምሳ ሰው በአንድ አውቶቡስ ሆኖ፣ ሳምቡሳና ውሃውን ከቦሌ ጭኖ፣ ሁለት ሰዓት ወርዶ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለስ ከሆነ ቆቦ ያተረፈችው የላስቲክ ጠርሙስ ነው። አራት አምስት ሆናችሁ በሕዝብ ትራንስፖርት ሂዱ። ደሴ ወይ ወልዲያ እደሩ። ቆቦ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለሰውም ለዓይንም ይመቻል፤ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ቆላ ነውና አጎበር አትርሱ፤ ወባ እንግዳ አትመርጥም። የማሽላ እንጀራ ካቀረቡላችሁ ‹‹ጤፍ የለም?›› አትበሉ።

ጳጉሜ 4 የሆነውን ለማየት ብላችሁ ደግሞ አትሂዱ። የሰው ግቢ ገብቶ ‹‹እዚህ ነው የሞቱት?›› እያለ ስልክ የሚደግን ጎብኚ ከእነዚያ ሁሉ ካሜራዎች በምን ተለየ? የሚያጫውታችሁ ሰው እሱ ካነሣው ስሙ። ካላነሣው ስለ ማሽላው ጠይቁት፤ ስለ ማሽላው ከጠየቃችሁት ሲመሽ ራሱ ያወራችኋል፣ ካላወራም መብቱ ነው።

ሶለልን ማየት የሚፈልግ የዓመት ፈቃዱን ከነሐሴ አጋማሽ ላይ ይሙላ፤ የመሥሪያ ቤት አለቃ ነሐሴ ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ስለማይበዛበት አይከለክልም። ክረምት ነውና መንገዱ ሊያዘገይ ይችላል፣ አንድ ቀን ጨምሩበት። አውቶቡስ ተራ ስትደርሱ ረዳቱ ‹‹ወልዲያ ናችሁ መቀሌ?›› ብሎ ይጠይቃችኋል። መሃሉን ንገሩት።